ከአንድ ግራም ያነሰ ኦክስጅን፦ የኮራል አኳሪየምና አልጌ በደሴ ከፍታ

ስለ ኮራል አኳሪየም፣ ማለትም ሕይወት ያለው ኮራል በጨው ውሃ ስለሚያድግበት ገንዳ፣ አልጌ የሚነገረው ምክር አብዛኛው ባሕር ጠርዝ ላይ ለሚኖር ሰው የተነገረ ነው። ጨዉ ያው ጨው ነው፣ አልጌውም ያው አልጌ ነው፣ መድኃኒቱም ደሴ ስለደረሰ አይለወጥም። የሚለወጠው አየሩ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ግድም ብቻ በመሆኑ፣ ውሃ ከአየር ተቀብሎ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ አንድ ነገር አልጌን የምናጠፋበትን መንገድ ከሥሩ ይቀይረዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከቁጥሩ ልጀምር።

25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ፣ በኪሎ 35 ግራም ጨው ያለበት ውሃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ያው ውሃ 5.3 ገደማ ነው የሚይዘው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ስንደርስ 4.9 ይሆናል። እንግዲህ ባለ 200 ሊትር ገንዳ ኦክስጅን ጠግቦ ባለበት ሰዓት እንኳ በውስጡ ያለው ሁሉ ቢጠራቀም 980 ሚሊግራም ነው። አንድ ግራም አይሞላም።

አሁን ይህን ከአልጌው ጋር አስተያዩት። አንድ ግራም ደረቅ አልጌ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹ አንድ ግራም ያህል ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ውሃው ተጨምቆ ሲመዘን አሥር ግራም የሚሆን እርጥብ አልጌ፣ ቢደርቅ ወደ አንድ ግራም ይጠጋል። ድንጋዩን ሸፍኖ የምናየው አረንጓዴ ምንጣፍ ደግሞ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ገንዳው ከአየር ኦክስጅን መቀበሉን ስለማያቆም በአንድ ጊዜ ባዶ አይሆንም። ነገር ግን የሚወጣው ከሚገባው ከበለጠ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ኮራሉም አልጌውም ዓሣውም ሲተነፍስ አድሮ ብርሃን ገና ሳይመጣ፣ ዓሣዎቹ ውሃው ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ይገኛሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው አልጌውን ገንዳው ውስጥ ቢገድል ዓሣው ይደክምበታል፤ ደሴ ላይ ያለው ይሞትበታል።

ስለዚህ የምይዘው አቋም አንድ ነው፦ አልጌን ገንዳ ውስጥ አትግደሉ፤ በሕይወቱ እያለ አውጡት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው።

አልጌ በሽታ አይደለም። ለወሎ ሰው ቅርቡ የኮራል ሪፍ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚያልቅበት ቀይ ባሕር ውስጥ ነው። እዚያም አልጌ ሳያቋርጥ ይበቅላል፤ የማይታየው ሲበቅል እየተበላ ስለሆነ ነው። ታንግ የሚባሉት ዓሣዎች፣ ፓሮት ዓሣ፣ ቀንድ አውጣዎችና የባሕር ጃርቶች ቀን ከሌት ድንጋዩን ይግጣሉ። ግጦሹ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ጃማይካ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የካሪቢያን ባሕር ረጅም እሾህ ያለው ጃርት በበሽታ አለቀ፤ ዓሣውም ቀድሞ በማጥመድ ተመናምኖ ነበር፤ አውሎ ነፋስም ተጨመረበት። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሪፉ ግማሽ ያህሉን ይሸፍን የነበረው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ 3 በመቶ ሲቀር፣ አልጌው ከ4 በመቶ ተነስቶ 92 በመቶውን ያዘ። ባሕሩን ያህል ነገር በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ እንዲህ ከተገለበጠ፣ ሁለት ቀንድ አውጣ የያዘ ገንዳ በሁለት ወር ቢገለበጥ አይገርምም። ግጦሹ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ከብት ከሌለ እኛው እንሠራዋለን።

ከግጦሹ በፊት ግን የሚገባውን ማየት ይሻላል፤ መጀመሪያ የሚገባው ውሃ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ከእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ውሃ ሲሊካ ይሸከማል። ለሰው ጉዳት የለውም፤ ዳያቶም ለሚባለው ቡናማ አልጌ ግን ቤት መሥሪያው ነው፤ ዛጎሉን የሚሠራው ከሲሊካ ነውና። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም። ከገንዳው የሚተንነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨዉም ሲሊካውም አልጌ የሚመገበው ፎስፌትም ይቀራል። በቀን 2.5 ሊትር የሚተንበት ባለ 200 ሊትር ገንዳ በቧንቧ ውሃ ከተሞላ፣ በ80 ቀን ውስጥ የገንዳውን ሙሉ መጠን ያህል የቧንቧ ውሃ ዝቃጭ ተቀብሏል ማለት ነው። በ160 ቀን እጥፍ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ውሃ በሳምንት 10 በመቶ ቢቀይርም ቡናማው ዱቄት ለምን እንደማይለቀው አይገባውም።

መፍትሔው በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በስስ ሜምብሬን በሚያሳልፈው) እና በዲአይ ሙጫ (የቀረውን ማዕድን በሚይዘው) የተጣራ ውሃ ነው። ይህ መሣሪያ ደሴ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። የአርኦ ሜምብሬን ጥሩ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ በሦስት ሜትር ቁመት የሚወርድ ውሃ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነው። በዚህ ግፊት ሜምብሬኑ ውሃ ማንጠባጠቡ አይቀርም፤ የሚያንጠባጥበው ግን በደንብ ያልተጣራ ነው፤ ዲአይ ሙጫውን ቶሎ ይጨርሰዋል። የግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ የግድ ነው። ቅዝቃዜም አለ። በአምራቹ ካርቶን ላይ የተጻፈው የሊትር መጠን በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ውሃው በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ምርቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በክረምት 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ ከተጻፈው 70 በመቶውን ቢሰጥ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ዝቃጭ ውሃ ይወጣል። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ያን መድፋት ነውር ነው፤ በጄሪካን ተቀብሎ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ማዋል ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካው ቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ እያሳየ ሲሊካ ሊያልፍ ይችላል። ሲሊካ በውሃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙላቱ እጅግ ደካማ ስለሆነ መለኪያው አያየውም፤ ሙጫውም በደካማው ይይዘዋልና ማለቅ ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚለቀው እሱን ነው። ስለዚህ አንድ ሙጫ ጣሳ አይበቃም። ሁለት ጣሳ በተከታታይ ይገጠም፣ መለኪያው በሁለቱ መካከል ይቀመጥ። ከመጀመሪያው የሚወጣው ከዜሮ ከፍ ባለበት ቀን እሱ ይጣል፣ ሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ቦታ ይምጣ፣ አዲሱ ከኋላ ይግባ።

በክረምት የሚያማልለው የዝናብ ውሃ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ ዚንክ ይዞ ይመጣል፤ ዚንክ ደግሞ ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕንና ኮራልን ይመርዛል። ቲዲኤሱ ዝቅ ማለቱ አያታልላችሁ። ጨውን በተመለከተም ከአፍዴራ የሚመጣው የምግብ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ኮራል የሚፈልገው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ካርቦኔት የለበትም። ለሪፍ የተዘጋጀ ጨው ከሌለ ውሃ መቀየሩን ማዘግየት ይሻላል።

ውሃ መቀየር አልጌን ያጠፋል የሚባለው ደግሞ በሒሳብ አይቆምም። ሌላው የአልጌ ምግብ ናይትሬት በሊትር 40 ሚሊግራም የሆነበት ገንዳ 10 በመቶ ውሃ ቢቀየርለት 36 ይሆናል። ምንም ሳይጨመርበት ግማሹ እንዲወርድ ሰባት ጊዜ መቀየር አለበት። የሪፍ ጨው ውድ በሆነበት ጊዜ ይህ ብር ማቃጠል ነው። ውሃ መቀየር ጥቃቅን ማዕድናትን ለመተካት ነው የሚጠቅመው፤ አልጌን በሱ መዋጋት በማንኪያ ኩሬ መቅዳት ነው።

ሁለተኛው የሚገባው ምግብ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ሰው ያስደነግጣል። ደረቅ የዓሣ ምግብ ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል ፎስፎረስ ነው። አንድ ግራም ምግብ ማለት 10 ሚሊግራም ፎስፎረስ ነው፤ በፎስፌት ሲሰላ 30 ሚሊግራም ይሆናል። በ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር 0.15 ሚሊግራም። የምንፈልገው የፎስፌት መጠን ከ0.03 እስከ 0.1 ነው። በአንድ ቀን የምትገባ አንድ ግራም ገንዳው በቋሚነት ሊኖረው ከሚገባው በላይ ይዛ ትመጣለች ማለት ነው። የተወሰነውን ዓሣው ለአካሉ ይወስዳል፣ የተወሰነውን ስኪመሩ፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ያወጣል፤ የቀረው የአልጌ ነው። ይህን ስል ዓሣ ይራብ ማለቴ አይደለም፤ የተራበ ዓሣ ይታመማል። ማለቴ የገባውን ያህል የሚያወጣ ነገር መኖሩን እንይ ነው። በረዶ ሆኖ የሚሸጠው የዓሣ ምግብ በወንፊት ላይ ይታጠብ፣ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይበላ አይጨመር፣ የምግብ ሚዛን ይኑር። ግማሽ ግራምን በጣት ቆንጥሮ መገመት አይቻልም።

ሰው ለክቶ «ፎስፌት ዜሮ፣ ናይትሬት ዜሮ፣ አልጌው ግን ሞልቷል» ይላል። ለክቶ አልተሳሳተም። አልጌው የተለቀቀውን ሁሉ ወዲያው እየበላ ስለሆነ ነው ውሃው ውስጥ የማይገኘው። ድንጋዩም አለ። የሪፍ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ፎስፌት ላዩ ላይ ይጣበቃል። ለወራት ብዙ ፎስፌት ባለበት ውሃ የቆየ ድንጋይ፣ ውሃው ሲጠራ ያንን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ለዚህ ነው ፎስፌት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ሲገባ ፎስፌቱ በሁለት ቀን ወርዶ በሳምንቱ ተመልሶ የሚወጣው። ጥራጥሬው አምራቹ ካዘዘው ሩቡ ብቻ ይግባ፣ በየሳምንቱ ይለካ። ፎስፌት በአንድ ጊዜ ሲነጠቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ኮራሉ ነው፤ ጫፉ ነጥቶ ሥጋው ከአጥንቱ ይላጣል። በሃና ኩባንያ የፎስፎረስ መለኪያ የምትጠቀሙ፣ ከቢሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር በ3.066 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ነው ፎስፌት የሚሆነው። 20 ካሳየ 0.06 ነው፤ ጥሩ ቁጥር ነው፣ አትንኩት።

ናይትሬትንና ፎስፌትን ሁለቱንም ዜሮ ማድረግ ንጽሕና ይመስላል። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የባሰ ስሕተት የለም። ፉክክሩ የቆመበት ባዶ ገንዳ ዳይኖፍላጀሌት ለሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ ይለቀቃል። እሱ ደግሞ ከፀጉር መሳዩ አልጌ አሥር እጥፍ ይከፋል።

የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ በመስታወትና በአሸዋ ላይ እንደ ቡና ዱቄት የሚቀመጥ፣ በጣት ሲነካ የሚበተን ዳያቶም ነው። ሲሊካው ሲያልቅ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። እንደ ጨርቅ ተያይዞ የሚነሳ፣ ቀይ ወይም ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ የአየር አረፋ የያዘ ሽፋን ሳይያኖባክቴሪያ ነው፤ እንዲያውም አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጥግ ይወዳል። በቱቦ ይመጠጥ፣ የሞገድ ፓምፑ አቅጣጫ ይቀየር፣ ሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ይውጣ። አንቲባዮቲክ የሚጨምሩ አሉ። ለሰው ሕይወት የሚያስፈልግ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ማፍሰስ ተሕዋስያንን ማለማመድ ነው፤ አሞኒያ የሚያጣሩትንም ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል። አልደግፈውም።

ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ እንደ ጠጉር የሚወዛወዘው ተራው አረንጓዴ አልጌ ነው። እያንዳንዱ ዘለላ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ አውጥቶ ላባ ከመሰለ ብራዮፕሲስ ነው፤ ይህን ቀንድ አውጣ አይበላውም፣ ፎስፌት መቀነስም አይበግረውም። ክብ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ዶቃ ቫሎኒያ ነው። ድንጋዩ ወጥቶ በባልዲ ውስጥ፣ በቢላ ጫፍ ከሥሩ ተፈልቅቆ ይነሳ።

ቡናማ ንፍጥ የመሰለ፣ ጫፉ ላይ አረፋ የያዘ ክር እያበጀ ቀን የሚወፍር፣ ሌሊት የሚሳሳ ከሆነ ዳይኖፍላጀሌት ይጠረጠራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ንፍጡን ከውሃ ጋር በጠርሙስ ውሰዱ፣ አጥብቃችሁ ናጡት፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉት፣ የጠለለውን ውሃ ከመብራት ሥር አንድ ሰዓት አስቀምጡት። ተመልሶ ክር ከሠራ ዳይኖ ነው። ዝርያውን ለመለየት ማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ይበቃል፤ የባዮሎጂ መምህር የሆነ ወዳጅ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የእንባ ጠብታ መስሎ ባለበት የሚሽከረከረው ኦስትሪዮፕሲስ ሌሊት ወደ ውሃው ይነሳል፤ ስለዚህ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይገድለዋል። ለየ10 ሊትሩ አንድ ዋት ያህል፣ ውሃው በዝግታ እንዲያልፍ ተደርጎ። ሞላላ ሆኖ በአሸዋው ላይ የሚንሸራተተው አምፊዲኒየም ግን ከአሸዋ አይነሳም፤ ለሱ ዩቪ ጥቅም የለውም። በሁለቱም ናይትሬትን ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌትን ከ0.05 እስከ 0.1 አድርሶ ማቆየት ነው መሠረቱ። ኦስትሪዮፕሲስ መርዝ አለው፤ ጓንት ይደረግ፣ ቱቦውን በአፍ ስቦ ውሃ ማስጀመር ክልክል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአልጌ የተሸፈነ ድንጋይን ቀቅሎ ማንጻት ለኛ ቤት ቀላል ሐሳብ ነው፤ ድስትም ምድጃም አለ። በፍጹም አይደረግ። ዞአንቲድና ፓሊቶአ የሚባሉት ኮራሎች ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ ድንጋዩ ሲፈላ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። ደርቆ የቆየ ድንጋይም አይቀቀል።

ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ፤ ማውጣት። የሚያስፈልገው ሁለት ባልዲ፣ ጠንካራ የጥርስ ብሩሽ፣ ስድስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአየር ቱቦና 200 ማይክሮን የማጥለያ ከረጢት ነው። ከገንዳው ራሱ ውሃ ተቀድቶ ባልዲዎቹ ይሞሉ። ሊነሳ የሚችል ድንጋይ ወጥቶ በመጀመሪያው ባልዲ ውስጥ፣ ከውሃው በታች፣ አልጌው ከሥሩ በጣት ይነቀል፣ ከዚያ ይቦረሽ፣ በሁለተኛው ይለቅለቅ። የባልዲው ውሃ ወደ ገንዳው አይመለስም። ሊነሳ የማይችለውን በግራ እጅ እየነቀሉ፣ በቀኝ የቱቦውን አፍ ከሥሩ መያዝ ነው፤ የተነቀለው ሳይበተን በቱቦው ይወርዳል። የቱቦው ሌላ ጫፍ በሳምፑ፣ ማለትም ከገንዳው ሥር ባለው ረዳት ገንዳ፣ ላይ በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ይሁን፤ አልጌው ከረጢቱ ውስጥ ሲቀር ውሃው ይመለሳል። በዚህ መንገድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ ጨው አይባክንም። የሞገድ ፓምፑ በዚያ ሰዓት ይጥፋ፣ የተቆረጠ ክር በየድንጋዩ ስር ተበትኖ ሌላ ቦታ እንዳይተክል።

በአንድ ቀን ሁሉን ለመጨረስ አይሞከር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ገንዳውን በሐሳብ አራት ቦታ ከፍሎ በሳምንት አንዱን መሥራት ይበቃል። በየጊዜው የወጣውን ጨምቆ መመዝገብ መልካም ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ካልወረደ የሚገባው ገና አልተዘጋም ማለት ነው። መብራትም ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ ይብራ፣ ነጩ ይቀነስ፣ ሰማያዊው ይቆይ። ገንዳው የጠዋት ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ይራቅ።

ከተነቀለ በኋላ የቀረውን ጭረት የሚይዙት የሚግጡት እንስሳት ናቸው። ረጅም አልጌ የሚበላ ቀንድ አውጣ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚግጡት አጭሩን ነው። ትሮከስ የሚባለው ቀንድ አውጣ ሲወድቅ ራሱን ስለሚገለብጥ እመርጠዋለሁ። አስትሪያ በጀርባው ወድቆ በዚያው ይሞታል፤ ሞቶ ደግሞ ይበሰብሳል። አንድ የባሕር ጃርት የብዙ ቀንድ አውጣ ሥራ ይሠራል፤ ያልተጣበቀ ኮራል ግን ተሸክሞ ይሄዳል። ከቦርከና ወይም ከሐይቅ የተለቀመ ቀንድ አውጣ በጨው ውሃ ውስጥ አይኖርም። 200 ሊትር ውስጥ ታንግ ማስገባት ለዓሣው ግፍ ነው።

መድኃኒት የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፤ እሱም ብራዮፕሲስ ነው። ፍሉኮናዞል ለሰው የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ብራዮፕሲስንም ይገድላል። መጠኑ በሊትር 5 ሚሊግራም ያህል ነው፤ 200 ሊትር እውነተኛ ውሃ ላለው፣ ባለ 150 ሚሊግራም ሰባት ካፕሱል ማለት ነው። እውነተኛ ውሃ የምለው የድንጋዩና የአሸዋው ቦታ ተቀንሶ፣ የሳምፑ ተጨምሮ ነው። የማጣሪያው ካርቦን ይውጣ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ አይቀየር። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የማይታይ ይሆናል፤ መጠኑን ለመድገም አትቸኩሉ። ደሴ ላይ ግን ካፕሱሉ ከመግባቱ በፊት ብራዮፕሲሱ በእጅ እስከ ሥሩ ድረስ መነቀል አለበት። እንዲህ ሲደረግ መድኃኒቱ ሥሩን ብቻ ነው የሚገድለው፤ የሚበሰብሰው ጥቂት ነው።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም እንዲሁ። ባለ 3 በመቶው ከገንዳ ውጭ፣ በተቦረሸ ድንጋይ ላይ፣ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ ተደርጎ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ በጨው ውሃ ታጥቦ ይመለስ። ጠርሙሱ ላይ ያለው መቶኛ ይነበብ፤ 6 በመቶ የሚል ከሆነ በተጣራ ውሃ እኩል ይቀጠን። ገንዳው ውስጥ በየቀኑ ማንጠባጠብ፣ ለ40 ሊትር አንድ ሚሊሊትር፣ የተለመደ ነው፤ ሽሪምፕና ዜኒያ ኮራል ግን አይችሉትም። ፐርኦክሳይድ ሲፈርስ ኦክስጅን ስለሚሰጥ ሰው ይዘናጋል። የሚሰጠው ለሰዓታት ነው፤ የገደለው አልጌ የሚወስደው ግን በሚቀጥሉት ሦስት አራት ሌሊቶች ነው።

ሦስት ቀን በጨለማ መሸፈንንም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። በጨለማ ውስጥ ገንዳው ኦክስጅን አያመርትም፣ ይተነፍሳል ብቻ። ማድረግ ግድ ከሆነ ሙቀቱ ወደ 24 ዲግሪ ይውረድ፣ ስኪመሩ አይጥፋ፣ የሞገድ ፓምፑ ወደ ላይ ዞሮ የውሃው ወለል እንዲፈላ ይደረግ።

ከሁሉ በላይ ለደሴ ይስማማል የምለው መሣሪያ አልጌ ራሱን ሥራ የሚያስይዘው ነው። የስሚዝሶኒያን ተመራማሪ የነበረው ዋልተር አዴይ ያሰራጨው ሐሳብ ነው፦ ሳምፑ ውስጥ ሻካራ መረብ ይሰቀላል፣ ውሃ በላዩ ይወርድበታል፣ መብራት ይበራበታል፤ አልጌው ዋናው ገንዳ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ይበቅላል፣ እየተላጨ ይጣላል። 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 15 ቁመት ያለው የጥልፍ ፕላስቲክ መረብ በመጋዝ ጥርስ ተፍቆ ይሻክር። ይህ ስፋት በሁለት ወገን ብርሃን ካገኘ በቀን ሁለት ኪዩብ የበረዶ ምግብ ለሚገባበት ገንዳ ይበቃል። ከላይ የሚይዘው የፕላስቲክ ቱቦ በቁመቱ 3 ሚሊሜትር ያህል ይሰንጠቅ፣ በሰዓት 500 ሊትር ያህል ውሃ ይሂድበት፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ወርድ 50 ሊትር መሆኑ ነው። ቀይ የኤልኢዲ መብራት በሁለት በኩል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡናማ ዝልግልግ ነው የሚወጣው፤ ተፍቆ ይጣል። ከዚያ አረንጓዴው ይይዛል። በየሰባት እስከ አሥር ቀኑ ግማሹ ብቻ ይላጭ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ሥሩ ብርሃን አጥቶ ይሞትና የያዘውን መልሶ ይለቃል።

የዚህ መረብ መብራት ሊበራ የሚገባው ሌሊት ነው፤ የዋናው ገንዳ ብርሃን ሲጠፋ የሱ ይበራል። ሌላ ቦታ ይህ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) እንዳይወርድ ሲባል ይደረጋል። እዚህ ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ ኮራሉና ዓሣው ኦክስጅን ሲወስዱ በሚያድሩበት ሰዓት፣ ሳምፑ ውስጥ ያለው አልጌ ይሰጣል።

የቀረው መብራት የጠፋ ጊዜ ነው። ፓምፕ ከቆመ ከውሃው ወለል ኦክስጅን መግባቱ ይቀራል ማለት ይቻላል፤ ያለው ያ ከአንድ ግራም ያነሰው ብቻ ነው። የኢንቨርተሩ ባትሪ ለሂተርም ለብርሃንም አይባክን፤ አንድ የሞገድ ፓምፕ ወደ ወለሉ ዞሮ ይያዝበት፣ ኢንቨርተር የሌለው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዘጋጅ። 25 ዲግሪ ያለ ገንዳ በወፍራም ብርድ ልብስ ከተጠቀለለ የደሴን ሌሊት ለብዙ ሰዓት ይቋቋማል፤ ከላይ ያለው አፉ ግን ክፍት ይሁን። ፍሉኮናዞል፣ ፐርኦክሳይድ፣ ትልቅ ነቀላ፣ ከእነዚህ አንዱ በታሰበበት ሳምንት ባትሪው አስቀድሞ ይፈተሽ። ካልሞላ ድንጋዩ በዚያ ሳምንት አይነካ።